ስም ያለው ልጅ፣ አገር ያለው ልጅ

የፊልም ኂስ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፊልሙ ብቻ ነው። ተመልካቹ ይረሳል። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሣቀ፣ ማን ከንፈሩን እንደመጠጠ፣ ማን በመካከል ተነሥቶ እንደወጣ የሚመዘግብ የለም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከተመልካቹ እንጀምራለን። በአዲሱ ገበያ በሁለት ሰኞ ምሽቶች ያየነው ነገር ስለ ፊልሞቹ የነበረንን ሐሳብ አስለውጦናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታክሲ ማዞሪያው ብዙ የማይርቅ አንድ የኳስ ማሳያ ቤት አለ። ሰኞ ማታ ኳስ ስለሌለ ባለቤቱ በርካሽ ለቀቀልን። በጦርነት ስለሚማገዱ ልጆች የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን ለሠፈሩ ሰው በነጻ ልናሳይ፣ ከዚያም ልናወያይ አሰብን። የተማረ ሰው እርስ በርሱ ሲወያይ የሚለውን እናውቀዋለን፤ ሠፈሩ ምን ይል ይሆን አልን። አግዳሚዎቹ ሞሉ። ወያሎች መጡ፣ ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች መጡ፣ የሕንፃ ዘበኞች መጡ፣ የምንከራይባቸው ግቢዎች አከራዮችም ሳይቀሩ መጡ።

በመጀመሪያው ሰኞ የታየው «ቢስትስ ኦቭ ኖ ኔሽን» ነበር። በአማርኛ «አገር አልባ አውሬዎች» ብንለው ያስኬዳል። ናይጄሪያዊው ኡዞዲንማ ኢዌላ እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ በ2015 በካሪ ፉኩናጋ አዘጋጅነት ለስክሪን የበቃ ነው። አጉ የሚባል ትንሽ ልጅ ጦርነት ከቤተሰቡ ይነጥለዋል፤ ጫካ ውስጥ ኮማንዳንት የሚባል አዛዥ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ይገምታል። አጉን ሆኖ የተጫወተው ጋናዊው ልጅ አብርሃም አታ በቬኒስ ፌስቲቫል ለወጣት ተዋናይ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቶበታል። ሽልማቱ ይገባዋል፤ በዚህ የሚከራከረን የለም።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከመካከላችን አንዱ እንደ ጥንቱ ቪዲዮ ቤት ወግ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ እየተረጎመ ያስከትል ነበር። ምን ሆነ? ኮማንዳንቱ በተናገረ ቁጥር የፊት አግዳሚዎች ያጨበጭባሉ። «ይመቸው!» ይላል አንዱ። ልጆቹ በሰልፍ ሲጨፍሩ ከወያሎቹ ሁለቱ ተነሥተው አብረው ጨፈሩ። እናቶቹ ግን ከንፈራቸውን እየመጠጡ ነበር። በመካከሉ አንዲት እናት፣ «የማን አገር ነው ይሄ?» ብለው ጠየቁ። አገሩ በፊልሙ አልተጠቀሰም፣ የተቀረጸው ግን ጋና ነው አልናቸው። «እንግዲያስ የሰው አገር ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ከንፈር መምጠጡም ቀዘቀዘ።

ያን ማታ እየተናደድን ተበተንን። «ሕዝቡ ገና አልገባውም» ያለም ነበረ ከመካከላችን። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው፤ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። አንደኛ፣ ተርጓሚያችን ኮማንዳንቱን የተረጎመው በጀግና ድምፅ ነበር፤ ልጁን ግን በለሆሳስ ነው ያለፈው። ኢድሪስ ኤልባ ያንን አዛዥ ሲጫወተው ግርማ ሞገስ ሰጥቶታል፤ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ፉከራ ጨመርንበት። ሁለተኛ፣ የእናትየዋ ጥያቄ ከእኛ ኂስ የበለጠ ነበር። አገር የሌለው ጦርነት ምክንያትም የለውም። ማን ጀመረው? ለምን? ልጆቹን ማን ሰበሰበ? በማን ትእዛዝ? ፊልሙ ይህን ሁሉ ትቶ የልጁን ሥቃይ ብቻ ሲያቀርብ ለተመልካቹ የሚተርፈው ወይ ማዘን ወይ መደነቅ ነው። ያዘነው ከንፈሩን መጠጠ፣ የተደነቀው አጨበጨበ። ሁለቱም ፊልሙ የሰጣቸውን ነው የወሰዱት።

በሁለተኛው ሰኞ «ጤዛ» ታየ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1976፣ «ሳንኮፋ»ን በ1993 የሠራ፣ ጎንደር የተወለደ ሰው ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ነው፤ ጀርመን አገር የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰ ምሁር። በቀጥታ ስለ ሕፃናት ወታደሮች የተሠራ ነው ብንል እንዋሻለን። ነገር ግን አንበርብር የሚመለስበት መንደር ልጆቹ በዋሻ የሚደበቁበት መንደር ነው። ወታደሮች ሲመጡ ወንዱ ልጅ ሁሉ ወደ ገደሉ ይሸሻል።

ይህ ትዕይንት ሲመጣ ቤቱ ተለወጠ። ባለፈው ሰኞ «የሰው አገር ነው» ያሉት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሩጥ! ወደ ላይ ሩጥ!» አሉ። ከፊት ያሉት ሣቁ። ሣቁም ብዙ አልቆየ። ከኋላ አግዳሚ ሌላ እናት፣ ከዚያም ሌላዋ ተቀበሉ። በስክሪኑ ላይ ጠመንጃ የያዘ ልጅ የለም፤ ጭፈራ የለም፤ ያለው የሚሸሽ ልጅና የሚያሳድድ ሰው ነው። በ«አውሬዎች» ላይ ልጅ ሰው ሲገድል ያላለቀሰ ቤት በ«ጤዛ» ላይ ልጅ ሲሮጥ አለቀሰ።

ከፊልሙ በኋላ መብራት ሲበራ የሆነውን እንዳለ እንመዝግብ። ባለፈው ሳምንት ሲጨፍር የነበረው ወያላ፣ «ያኔ መታወቂያ አይጠይቁም ነበር እንዴ?» አለ። አንድ ዘበኛ መለሱለት፦ «ቁመትህን ነዋ የሚያዩት። እኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ብለው ጻፉኝ።» ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ ከጥግ የተቀመጡ፣ በዚያን ዘመን በአንድ ቀበሌ እንደሠሩ ራሳቸው የነገሩን አዛውንት፣ «ኮታ ነበረብን፤ ካልሞላን የራሳችን ልጅ ነው የሚሄደው» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ በራሳቸው ነው የተናገሩት። እናትየዋ ዞር ብለው አዩአቸውና፣ «ታዲያ ማንን ጻፋችሁ?» አሏቸው። መልስ አልሰጡም። ይሁን እንጂ ተነሥተውም አልወጡም፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ ውይይቱ መጨረሻ ተቀመጡ። እኛም ለማወያየት ያዘጋጀናቸውን ጥያቄዎች ከኪሳችን አላወጣንም።

ለወጣት አንባብያን ትንሽ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ የሚመለከተው ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለውን ዜጋ ነበር፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያም ሁለት ዓመት አገልግሎት። በወረቀቱ ላይ ሕፃን የለም። ነገር ግን ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ቁጥሩ ለገበሬ ማኅበራትና ለቀበሌዎች ይከፋፈል ጀመር። በአዋጅ የጀመረው በአፈሳ ቀጠለ። ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ። እንግዲህ አንድ ልጅ ወታደር የሚሆነው ግንባር ደርሶ ጠመንጃ ሲጨብጥ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን በሦስት ዓመት ከፍ አድርጎ ሲጽፍ ነው። ብዙዎቹ የጦርነት ፊልሞች ከግንባሩ ይጀምራሉ። «ጤዛ» ከእናት ደጃፍ ጀመረ። ትልቁ ብልጫው ይህ ነው፤ የአዲሱ ገበያ ተመልካችም ያወቀለት ይህንኑ ነው።

ይህን ብለን ብናቆም ግን ኂስ ሳይሆን ውዳሴ ይሆናል። በውይይቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ ዋሻ ውስጥ ከነበሩት ልጆች የአንዱን ስም የሚያስታውስ አለ? ማንም አልነበረም። እኛም ራሳችን አላስታወስንም። አንበርብርን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሕልሙን፣ እግሩን፣ በጀርመን የደረሰበትን፣ ጓደኛው ተስፋዬን ሳይቀር። ልጆቹ ግን «ልጆቹ» ናቸው። የፊልሙ ልብ ያለው ምሁሩ ዘንድ ነው፤ ስለዚህም ይመስለናል እኛ ተማሪዎች ፊልሙን የምንወደው። ራሳችንን እናይበታለን። የመንደሩ ልጅ ሥቃይ የተማረው ሰው ሕሊና የሚፈተንበት መስተዋት ሆኖ ይቀራል። በአንድ ሰው ነፍስ የአንድን ትውልድ ታሪክ ለማሳየት ለተነሣ ሥራ ይህ ምናልባት የማይቀር ነበር፤ ቢሆንም ጉድለት ነው።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚታየው ይህ ነው። አጉ ስም አለው፣ አገር የለውም። የዋሻው ልጆች አገር አላቸው፣ ዓመተ ምሕረት አላቸው፣ ስም ግን የላቸውም። አንዱ ፊልም የልጁን ነፍስ ሰጥቶን ታሪኩን ነሣን፤ ሌላው ታሪኩን ሰጥቶን ልጁን ነሣን።

ሁለቱን ማስማማት አይቻልም የሚለን ካለ ወደ ኋላ ሄዶ የአንድሬይ ታርኮቭስኪን «የኢቫን ልጅነት» ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያው በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ካገኙት ሁለት ፊልሞች አንዱ ነው። ኢቫን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱን ጦርነት ነጥቆታል፤ ለሶቪየት ጦር ሰላይ ሆኖ ወንዝ ይሻገራል። አገሩ ይታወቃል፣ ጠላቱ ይታወቃል፣ ሕልሙ ይታያል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንድ መኮንን በርሊን ውስጥ በፈራረሰ ቢሮ ወረቀት ሲያገላብጥ የኢቫንን ፎቶግራፍ የያዘ ፋይል ያገኛል። የልጁን መጨረሻ የምናውቀው ከዚያ ወረቀት ነው። ገዳዮቹ መዝግበውታል።

በእኛ አገርስ? የዘበኛውን ቃል ደግመን እናስብ። «አሥራ ዘጠኝ ብለው ጻፉኝ።» ያ መዝገብ ላይ ስሙ ትክክል ነበር፣ ዕድሜው ውሸት። የእነዚያ ልጆች ስም በሥርዓት ከተጻፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ልጆቹ የታፈሱበት መዝገብ መሆኑ ለሥነ ጽሑፋችንም ለፊልማችንም የሚያሳፍር ነገር ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ሥራ እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ስሙን እንዳለ ወስዶ ዕድሜውን ማስተካከል።

ይህ ያለፈ ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1990 ጸድቋል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ሕፃን ነው፣ ለጦርነት አይመለመልም ይላል። መልካም። ነገር ግን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተካሂዷል፤ በዚያ ዘመን የልጅነት ዕድሜ ላይ የነበሩ ዛሬ ከእኛ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። በሁለተኛው ሰኞ ከመጡት መካከል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ያልተነፈሰ የእኛው ተማሪ ጓደኛችን ነበረ። ስንወጣ፣ «ምነው ዝም አልክ?» አልነው። «እናንተ ስለ ፊልም ነው የምታወሩት» አለን። ሌላ አልጨመረም፣ እኛም አላስጨነቅነውም።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። እነዚህን ፊልሞች በግቢ አዳራሽ ለብቻችን ከማየት በየሠፈሩ እናሳያቸው። የሚተረጉም ሰው ለአዛዡ ሳይሆን ለልጁ ድምፅ ይስጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ሲበራ እኛ ዝም እንበል፤ ሠፈሩ ይናገር፤ ከእኛ መካከል ጽሑፍ የሚችል ይጻፍ። ከዚያ አግዳሚ ላይ የተነሣችው «ታዲያ ማንን ጻፋችሁ?» የምትለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘችም። የሚቀጥለውን ፊልም የሚሠራ ሰው ከመካከላችን ከተነሣ፣ ከዚያች ጥያቄ ይጀምር።