ረዳት አሳማ ጠባቂው የማን ልጅ ነው?

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር በመካከላችን አንድ የተለመደ ንቀት አለ። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ የልጆች ነው» ይባልና ወሬው ይዘጋል። የሚገርመው ይህን የሚለው ሰው ራሱ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ጧት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው መሆኑ ነው። እኛም ከዚሁ ወገን ነንና እንናዘዝ። አሜሪካዊው ሎይድ አሌክሳንደር ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ ያሳተማቸውን አምስት የፕሪዳይን መጻሕፍት፣ በአንድ ቅጂ ተራ እየገባን፣ ቀድሞ የጨረሰውን «እንዳትነግረን!» እያልን አነበብናቸው።

ፕሪዳይን ከጥንታዊ የዌልስ ተረቶች ስምና ቀለም ተውሶ የተፈጠረ የምናብ አገር ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ታራን ይባላል፤ ሹመቱ ረዳት አሳማ ጠባቂነት ነው። አሳማዪቱ ግን እንደዋዛ የምትታይ አይደለችም፤ ትንቢት አዋቂ ናት፤ የሞት ጌታ የሚባለው አራውንም ይፈልጋታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ደንግጣ ትጠፋለች፤ ታራን ሊፈልጋት ይወጣል፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም ሰይፍ ሲመዘዝ ወይ ያልተጠበቀ ሰው ሲደርስ ቁርጥ ይላሉ። ታዲያ ማን መብራት አጥፍቶ ይተኛል?

ከሩጫው ሥር ግን አንድ ጥያቄ ይከተለናል። ታራን ወላጆቹን አያውቅም። ያሳደገው አዛውንቱ አስማተኛ ዳልበንም አይነግረውም። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻም። በሁለተኛው መጽሐፍ ኤሊዲር የሚባል፣ ካባው የነተበ ድኻ ልዑል ይመጣና ታራንን በዚሁ ቁስሉ ይወጋዋል። ኤሊዲር ከዘሩ በቀር ሀብት የለውም። ሙታንን ወታደር አድርጎ የሚያስነሣው ጥቁር ጎላ የሚሰበረው ሕያው ሰው በፈቃዱ ሲገባበት ብቻ ነው፤ ገብቶ የሚሞተውም ይኸው ኩሩ ነው። ዲዝኒ በ1985 በሠራው የካርቱን ፊልም ኤሊዲር የለም። ጎላው ውስጥ የሚዘለው ጸጉራሙ ጉርጊ ነው፤ እሱም ኋላ ይነሣል! ድርጊቱን ወስደው ጥያቄውን ጣሉት።

የእኛ ነገር የመጣው አራተኛው ላይ ነው። እዚህ ሩጫው ይበርዳል። ከመካከላችን አንዱ «ይሄስ አሰልቺ ነው» ብሎ ወደ አምስተኛው ሊዘል ሲል በግድ ነው የያዝነው። ታራን ልዕልት ኤይሎንዊን ለማግባት ያስባል፤ አሳማ ጠባቂ ሆኖ ግን አፉን ሞልቶ መጠየቅ አልቻለም። ስለዚህ የመኳንንት ዘር ቢገኝልኝ ብሎ ወላጆቹን ፍለጋ ይወጣል። ያገኘው ክራዶክ የሚባል፣ ቤቱ የፈረሰ፣ እግሩ ሽባ የሆነ የበግ እረኛ ነው። «አባትህ እኔ ነኝ» ይለዋል።

እውነቱን እንናገር፤ ቅር አለን። እረኛ? ከዚህ ሁሉ ገጽ በኋላ እረኛ? ስለ እኩልነት ሲነሣ አፋችን የማያርፍ እኛ፣ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የታራንን አባት ንጉሥ አድርገን ስንጠብቅ ነበር። ሩጫው ያስለመደን ይህንን ነው፤ ምሥጢር ካለ መፍቻው ዘውድ ይሆናል ብለን ነበር። ታራንም እንደኛው ነው። ከሽማግሌው ጋር አጥር እየጠገነ፣ በግ እየጠበቀ፣ በልቡ ግን ያፍርበታል። በክረምቱ በረዶ ክራዶክ ገደል ሲገባ፣ ታራን አፋፉ ላይ ቆሞ ለአፍታ የነጻነት ስሜት ይሰማዋል። ይሙትና ልገላገል! ወዲያው በራሱ ደንግጦ ይወርዳል፤ ኤይሎንዊ የሰጠችውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራውን የእርዳታ መለከትም ለዚሁ ሰው ይነፋዋል። ሽማግሌው የሚናዘዘው እዚያ ነው። ውሸቱን ነበር፤ የራሱ ልጅ ገና ሲወለድ ሞቶበታል፤ እሱ የፈለገው የሚረዳው ጉልበት ነበር። አምስቱንም መጻሕፍት ብናገላብጥ ከዚህች አፍታ የበለጠ የሚያስፈራ ጭራቅ አላገኘንም።

ከዚያ ወዲያ ታራን ሰይፍ መቀጥቀጥ ይማራል፤ ካባ መሸመን ይማራል። ከሁሉ አብልጦ የወደደው ግን ሸክላ ሥራን ነው፤ ተሰጥኦው የለህም የተባለውም በሸክላው ነው። ምሥጢሩን ይነግረኛል ብሎ የተጓዘለት መስታወት እንኳ ዋሻ ውስጥ ያለች ጥቂት ውሃ ሆና ተገኘች፤ ያየባትም የገዛ ፊቱን ነው።

በ1969 የኒውበሪ ሜዳልያን ያገኘው አምስተኛው መጽሐፍ ግን ታራንን ያነግሠዋል። እዚህ ላይ ክርክራችን እስከ እራት ሰዓት ዘለቀ። «ካደን! በአንድ እጁ የሰጠንን በሌላው ነጠቀን» ያሉ ነበሩ። ቅደም ተከተሉ ይታይልን። ታራን ሞት ወደሌለበት አገር ሂድ ተብሎ «አልሄድም» ያለው ዘውዱ ሳይነገረው ነው፤ የቀረውም ልዑል ሩን ሞቶ ያልጨረሰውን የባሕር ግንብ ለመጨረስና የሟቹን የኮልን ጓሮ ለማልማት ነው። ዳልበን የሚነግረውም ከጦር ሜዳ ዳር የተገኘ፣ የመኳንንት ይሁን የድኻ የማይታወቅ ሕፃን እንደነበር ነው። የማን ልጅ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልተነገረም፤ ደራሲው እዚህ ላይ ጽኑ ነው። ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ በትንቢት ተጽፎ ኖሯል መባሉ ግን አልተዋጠልንም። የሰው ልጅ በላቡ ያገኘውን ለትንቢት ማስረከብ ምን አመጣው?

የኤይሎንዊ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ምላሷ እንደ ምላጭ፣ አስማቷ ከናቶቿ የወረሰችው፣ ታራንን ከእስር ቤት ያወጣችው እሷ ናት። በሦስተኛው «ወይዘሮነት ተማሪ» ተብላ ወደ ደሴት ተላከች። በአራተኛው ጭራሽ የለችም። በአምስተኛው ከታራን ጋር ለመቅረት አስማቷን ትተዋለች። እሱ ዘውድ ሲጨምር እሷ ኃይሏን ቀነሰች ማለት ነው። ታራን ራሱን ለማግኘት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲሰጠው፣ ለእሷ የደረሳት አንድ ቀለበትና ጥቂት ገጾች ናቸው። ያች ደሴት ላይ ምን ስታደርግ ከረመች? ብንጠይቅ የሚነግረን አጣን።