የት ይበላል? የደብረ ማርቆስ ገበታ በሂስ ሚዛን

ለስብሰባ፣ ለፈተና እርማት ወይም ለመድረክ ትርኢት ወደ ደብረ ማርቆስ የሚላክ እንግዳ ሻንጣውን ከአልጋው አጠገብ እንዳኖረ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ይበላል?» የሚል ነው። መልሱ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። የአንድ ሆቴል ስም ይነገረዋል፤ ሄዶ ይቀመጣል፤ የሚቀርብለት የምግብ ዝርዝር ግን በዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ራቱን ከበላበት ቤት ዝርዝር አይለይም። ጥብስ፣ ቅቅል፣ ክትፎ፣ ፍርፍር፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ በስጎ፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን በያይነቱ። እንግዳው ጠግቦ ይነሣል። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ጎጃም መግባቱን ግን ምላሱ አላወቀም።

የጎጃም ስም በጥበብ ሲነሣ ቅኔው ይቀድማል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ይጠራሉ፤ መምህራኑ በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ዘፈኑና እስክስታው መድረክ ላይ ወጥቶ ተጨብጭቦለታል። አገሩ ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ደራሲ ማፍራቱም በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። የጓዳው ጥበብ ግን ሐያሲ አላገኘም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ቋንቋው ራሱ ፍርዱን አስቀድሞ የሰጠ መሆኑ ነው። በአማርኛ ስለ አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለ፣ ያለ ሌላ ማብራሪያ የሚገባው ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጠላና ጠጅ መጥመቅ ማወቋ ነው። ዛሬ ሐኪሙም መሐንዲሱም ባለሙያ ይባላል፤ በመንደሩ አፍ ግን ማዕረጉ ዛሬም የወጥ ሠሪዋ ነው። ማዕረጉን የሰጣት ኅብረተሰብ ሥራዋን በአደባባይ አልመዘነላትም።

በመሠረቱ «የት ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ለከተማይቱ የቆየ አይደለም። ደብረ ማርቆስ መንቆረር እየተባለች በምትጠራበት ዘመን፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ከነገሡ በኋላ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ውጭ ተሰብስቦ የሚበላበት ትልቁ ስፍራ የግብር አዳራሽ ነበር። በዚያ «የት?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «የማን ሰው ነህ?» ተብሎ ነው። መቀመጫው በማዕረግ፣ ሥጋው በብልት፣ እንጀራው በንጣቱ ተለይቶ ይቀርባል። ከላይ የተቀመጠው ነጩን በልቶ ጠጁን በብርሌ ሲጠጣ፣ ከታች ያለው የጠቆረውን በልቶ ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ላይ «ግብር» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል። ገበሬው ለጌታው የሚያገባው ግብር ነው፤ ጌታው ለጭፍራው የሚያበላውም ግብር ነው። እህሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ አንዱ ቃል ብቻውን ይናገራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስተማረ መምህር፣ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን ምክንያት ሲያስረዳ ከዚህ ቃል ቢጀምር ትምህርቱ ይቀልለት ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ በጢስ ታፍነው ያን ሁሉ ወጥ የሠሩት ሴቶች ስም ግን በታሪክም በልብ ወለድም አልተመዘገበም።

ምግብን በገንዘብ መሸጥ ነውር ሆኖ ይታይ የነበረው በጎጃም ብቻ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ግድም እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ ከፍሎ የሚበላ ታጣ፤ አፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ አብልተው፣ ሒሳቡን እንዲከፍሉ አደረጉ እየተባለ ይተረካል። በትንንሾቹ ከተሞች ግን ሥራውን ያለማመደችው እቴጌ አልነበረችም። ከባሏ የተለየች፣ መሬት ያልደረሳት፣ ወደ ከተማ የወጣች ሴት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በደጃፏ ስታቆም ጠላ ቤት ተከፈተ። ከጠላው ጋር ቆሎ መጣ፤ ከቆሎው ቀጥሎ እንጀራ በሽሮ መጣ፤ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ምክንያቱም በሰው ዓይን ፊት መብላት ያሳፍር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ደግሞ ፓስታውንና ስጎውን ትቶ ሄደ። ፓስታው የወራሪ ቅርስ ነው ተብሎ መጣል የለበትም፤ ሰፊው ሕዝብ ከበርበሬው ጋር አዋሕዶ የራሱ አድርጎታል። ጥያቄ የሚያስነሣው ዛሬ በገበታው ላይ ለፓስታ የተገኘው ቦታ ለስልጆ መጥፋቱ ነው።

ወደ ስልጆው ከመድረስ በፊት ለዛሬው ገበታ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ምሥራቅ ጎጃም ከአገሪቱ ዋና ዋና ጤፍ አብቃዮች አንዱ ነው፤ በደብረ ማርቆስም መጥፎ እንጀራ ለማግኘት መድከም ያስፈልጋል። እዚህ ግባ በማይባል ቤት እንኳ የሚቀርበው እንጀራ ዓይኑ የወጣ፣ ሲጠቀለል የማይሰበር፣ ኮምጣጣነቱ ልክ ያለው ነው። በፍስክ ቀን ሥጋ ቤቱ አያሳፍርም፤ ጥብሱ ቅቤውን ሳይሸሽግ ይመጣል። ድክመቱ የሚጋለጠው ወጡ ላይ ነው። ወጥ የሚጀምረው ከቁሌት ነው፤ ሽንኩርቱ በዝግታ እየተማሰለ ውኃውን ጨርሶ፣ በርበሬው ከእርሱ ጋር ጥሬነቱ እስኪለቀው ይበስላል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሆቴሉ ወጥ ቤት ግማሽ ቀን የለውም። ስለዚህ ቲማቲም ይጨመራል፤ ወጡ ቶሎ ይወፍራል፤ ቀለሙም ይምራል፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን ያልበሰለ በርበሬ ያቃጥላል። በኑግ አገር የኑግ ዘይት ሽታ ከብዙ ምግብ ቤቶች መጥፋቱም ሌላ ሐዘን ነው፤ ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ተክቶታል፤ እርሱም ሽታ የለውም።

ዋናው ነገር ግን ጾሙ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ማለትም የዓመቱ ግማሽ ያህል ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ነው። የጎጃም ጓዳ ጥበቡን ያከማቸው በዚህ በግማሹ ዓመት ውስጥ ነው። ቅቤ የገባበት ወጥ ለወጥ ሠሪዋ ብዙ ይለግሳታል፤ ስሕተቷንም ይሸፍንላታል። በጾም ቀን የሚሸፍንላት የለም። ሱፉን ታፈላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታጠልላለች፤ ነጭ ወተት የመሰለ ውኃ ይወጣዋል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ተልባው ተቆልቶ ይፈጫል፤ ኑጉ ተቆልቶ ይወቀጣል። የስልጆው ግን ይለያል። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ በእሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት በእንስራ ውስጥ ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫን ይመታል፤ ቀጥሎ ኮምጣጣነቱ ይመጣል፤ የባቄላው ልስላሴ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ቀኑ ካነሰ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ከበዛ ይመራል። መቼ እንደሚከፈት የምታውቀው ሴትየዋ ናት፤ የተጻፈ ነገር የለም፤ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታሸትታለች።

በሆቴሎቹ በያይነቱ ላይ ከእነዚህ አንዱም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ መሐሉ ላይ ሽሮ፤ ይህ ትሪ በአዳማም በጅማም በመቀሌም ይኸው ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጣው ገብስ በበሶም በቅንጬም መልክ በትሪው ላይ ቦታ የለውም። በምዕራብ ጎጃም የሚበላው የዳጉሳ እንጀራ «የድኻ ነው» ተብሎ ከደጃፉ ተመልሷል። በ1850 ዓ.ም. ግድም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች እንኳ፣ ዛሬ የጎጃም ደጋ ዋና ሰብል ከሆነ በኋላ፣ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዘይት ተጠብሶ ነው። ተቀቅሎ በበርበሬ የሚበላውን ለማግኘት ከሆቴሉ ወጥቶ መንገድ ዳር መቆም ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ገበያ «የጎጃም ጤፍ»፣ «የጎጃም ቅቤ»፣ «የጎጃም ማር» እየተባለ ይሸጣል። «የጎጃም ምግብ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ግን ማየት ብርቅ ነው። ስሙ በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ወጥቷል፤ በሳህኑ ላይ አልተጻፈም። ከዚህ ጋር የጉራጌን ክትፎ ማነጻጸር ይበጃል። ክትፎው ከቆጮው፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር የአንድ አገር የበዓል ምግብ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስሙንም ሥርዓቱንም ይዞ መጣ፤ ጣባውን እንኳ አልተወም። ዛሬ የከተማው ሰው ለክብር እንግዳው የሚመርጠው እርሱን ነው።

ራቅ ካለው ዓለም የሕንድ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። ኡዱፒ በካርናታካ ግዛት ያለች፣ በክሪሽና ቤተ መቅደሷ የታወቀች ከተማ ናት። በቤተ መቅደሱ ባህል የሚሠራው ምግብ ሥጋ የለበትም፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ለአማርኛ አንባቢ በአጭሩ የጾም ምግብ ነው ቢባል ይገባል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ከዚያ አካባቢ የተነሡ ወጥ ሠሪዎች ወደ ማድራስና ወደ ቦምቤይ ወጡ፤ የከፈቷቸውም ምግብ ቤቶች «ኡዱፒ» ተባሉ። የፋብሪካ ሠራተኛውና የቢሮ ጸሐፊው በጥቂት ገንዘብ ዶሳ የሚበላው በእነርሱ ዘንድ ሆነ። ዶሳ ሩዝና ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ሲብላላ አድሮ በምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ስለሆነ የእንጀራ የአክስት ልጅ ነው ቢባል አያጣላም። ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በዚያች ታላቅ ከተማ «የት ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከሚነገሩት መልሶች አንዱ ይኸው የትንሿ የቤተ መቅደስ ከተማ ስም ነው። የኡዱፒ ሰዎች ከተሜው የሚወደውን ሥጋ እንጨምር አላሉም፤ የጾማቸውን ምግብ አጥርተው፣ አፍጥነው፣ አርክሰው አቀረቡት።

በእርግጥ የደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት ባለቤት የሚመልሰው አለው፤ መልሱም የሚናቅ አይደለም። ስልጆ ቀናት ይፈልጋል፤ እንግዳው ግን በሩብ ሰዓት ይቸኩላል። ሽታው አዳራሹን ይሞላል። ከዚህም በላይ ሰው ከቤቱ የሚያገኘውን ከፍሎ አይበላም፤ ወደ ሆቴል የሚሄደው የቤቱን ለመርሳት ነው። የመጨረሻው ክርክር ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። አሁን ግን እየላላ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ከተማዋን ሞልቷል፤ ከግቢው ውጭ መብላት የሚፈልገው በየሰፈሩ ካሉ ሴቶች ጋር በወር ሒሳብ ኮንትራት ይዞ ይመገባል። በእነዚህ ቤቶች ዝርዝር የለም፤ የተሠራው ይበላል። ከወላይታ የመጣ ልጅ ሱፍ ፍትፍት የሚቀምሰው፣ የቁሌቱንም ልክ የሚያውቀው በሆቴሉ ሳይሆን በዚያ ነው። ለተማሪው ቤቱ ሩቅ ስለሆነ የቤት ምግብ ሊገዛ የሚገባው ነገር ሆኗል። በከተማዪቱ ውስጥ የተወለዱት ወጣት ሴቶችም ቢሆኑ ስልጆን ከእናታቸው ቤት ያውቁት እንደሆነ እንጂ እንስራውን መቼ መክፈት እንደሚገባ የሚያውቁት እያነሱ ነው፤ ስለዚህ «ከቤቱ የሚያገኘውን» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ዕድሜ የቀረው አይመስልም።

ለጊዜው ግን ነገሩ ባለበት ነው። በዐቢይ ጾም፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ጠላ ቤት ደንበኞች መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ማንም ምግብ አያዝም። ሴትየዋ ወደ ጓዳ ገብታ እንጀራና ስልጆ ይዛ ትወጣለች፤ ዋጋው ከጠላው ጋር ይታሰባል። በዚህ መካከል ኮት የለበሰ እንግዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «የሚበላ ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትየዋ ሳህኑን ወደ ኋላዋ ሸሸግ ታደርግና «ኧረ ለእርስዎ የሚሆን ነገር የለንም ጌታዬ፤ ከማዶ ትልቅ ሆቴል አለልዎት» ትለዋለች። እርሱም አመስግኖ መንገዱን ይሻገራል።