ቁጥርና ስም በታታና ኬልነር መጻሕፍት

በፕራግ ተወልዳ ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ታታና ኬልነር የአዳራሽ ቅንብሮችንና መጻሕፍትን የምትሠራ ሠዓሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣቻቸው ሁለት መጻሕፍት ከአውሽቪትዝ ማጎሪያ የተረፉት እናቷና አባቷ ታሪካቸውን ይናገራሉ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ከወረቀት የተሠራ ክንድ አለ፤ በላዩም ናዚዎች የነቀሱት ቁጥር ይታያል። ገጾቹ በክንዱ ቅርጽ ስለ ተቈረጡ አንባቢው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክንዱን ሳያይ ሊያነብ አይችልም።

የእናቲቱ መጽሐፍ ርእስ በ71125 ይጀምራል። ልጅ የእናቷን ታሪክ አሳዳጆች በሰጡት ቁጥር መሰየሟ ተገቢ ነውን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ርእስ ኤቫ ኬልነር የሚለው ስም ይከተላል፤ ታሪኩም በእናቲቱ የእጅ ጽሕፈት፥ በቼክ ቋንቋ፥ ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋር ታትሟል። ቁጥሩን ማንም ሊነቅሰው ይችላል፤ ጽሕፈቱ ግን የእርሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ርእሱ ተገቢ ነው እንላለን፤ ቁጥሩ ቢሰወር ኖሮ በደሉም አብሮ በተሰወረ ነበር።