‹ብርሃን አስተላላፊነት›፦ የሚያሳስት አቻ

የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የባዕዱን ጥምር ቃል ክፍሎች አንድ በአንድ ተክቶ ማለፍ የተዘወተረ ስልት ነው። ሲሊኒየምንና ሲሊከንን የመሳሰሉ ከፊል አስተላላፊዎች ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይላቸው ይጨምራል፤ ለዚህ ጠባይ በዚሁ ስልት የሚገኘው አቻ ‹ብርሃን አስተላላፊነት› ነው። እኛ ይህን አቻ አንቀበለውም።

ምክንያታችን ከሰዋስው ይነሣል። እንጨት ፈላጭ እንጨቱን ይፈልጣል፤ ውሃ ቀጂ ውሃውን ይቀዳል። በዚህ ቅርጽ ከአድራጊው የሚቀድመው ስም ተሳቢ እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ ‹መጥረቢያ ፈላጭ› ብንል መጥረቢያውን የሚፈልጥ እንጂ በመጥረቢያ የሚፈልጥ ሰው አይታሰብም። እንግዲህ ‹ብርሃን አስተላላፊ› የሚለውን ያነበበ ሰው የሚያስበው ብርሃንን የሚያሳልፈውን መስታወት ነው። ‹ሙቀት አስተላላፊነት› የሚለውም ሙቀትን ለማስተላለፍ ችሎታ ቀድሞ ተይዟል።

ስሕተቱ በቃል ብቻ አይቀርም፤ ነገሩን ይገለብጣል። ዊሎቢ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1873 ያስታወቀው፣ ሲሊኒየም ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ መቀነሱን ነው። በዚህ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው የሚያልፈው ብርሃን ሳይሆን የሚመጠጠው ነው። በሲሊከን ውስጥ ቢያንስ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያለው የብርሃን ቅንጣት ሲመጠጥ፣ ታስሮ የነበረ ኤሌክትሮን ይፈታል፤ ኤሌክትሮኑም፣ የለቀቀው ክፍት ቦታም ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ይሆናሉ። ሙቀትም እንደዚሁ ኤሌክትሮን ይፈታል። ስለዚህ መዳብ በተለመደው የአየር ሙቀት አካባቢ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ የንጹሕ ሲሊከን ግን ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 በብር ሰልፋይድ ላይ ያስተዋለው ይህንኑ የተገላቢጦሽ ጠባይ ነበር።

መነሻን ለማመልከት ቋንቋችን ሌላ ቅርጽ አለው፤ ‹ውሃ ወለድ በሽታ› ሲባል ውሃው መነሻ መሆኑን የሚስት የለም። ስለዚህ ‹ብርሃን ወለድ አስተላላፊነት› እና ‹ሙቀት ወለድ አስተላላፊነት› እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። በጨለማም መጠነኛ አስተላላፊነት ስላለ ‹ወለድ› አይስማማም የሚል ቢኖር፣ የምንሰይመው ብርሃኑ የጨመረውን ነው ብለን እንመልሳለን።

‹ከፊል አስተላላፊ› በሚለው ስያሜ ላይ ክርክር የለንም። ሆኖም የመዝገበ ቃላት ፍቺው ‹በመዳብና በመስታወት መካከል ያለ› ብቻ ብሎ ቢያበቃ፣ መጠኑን ነግሮ ጠባዩን ይደብቃል። ብርሃንና ሙቀት አስተላላፊነቱን እንደሚጨምሩ በፍቺው ውስጥ መግባት አለበት።