ሦስት ፊደላት በአንድ ካታሎግ፦ ስለ ባሌ ደጋ አብያተ መጻሕፍት

አብያተ መጻሕፍት ከዘመኑ ጋር እንዴት ይራመዱ ተብሎ በአገራችን በሚመከርበት ጊዜ ሁሉ ነገሩ ፈጥኖ ወደ መሣሪያ ያዘነብላል፤ ስንት ኮምፒውተር ገባ፣ መስመሩ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ከባሕር ማዶ መጽሔቶች የትኛው ተከፈተ የሚሉት ጥያቄዎች የዕድገት መስፈሪያ ሆነው ይቆማሉ። መስፈሪያው ሐሰት ባይሆንም ወደ ባሌ ደጋ ይዘውት የወጡ እንደሆነ ጎዶሎነቱ ይገለጣል። ከሰነቴ አምባ ግርጌ የተቆረቆሩት ሮቤና ጎባ የመጻሕፍት ተቀባይ ብቻ የሆነ አገር ከተሞች አይደሉምና፤ ከእነርሱ ወደ ምሥራቅ ቆላውን ተከትሎ የሚወርድ መንገደኛ የወይብ ወንዝ ፈልፍሎ ያወጣውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ ከዚያም ወዲያ የተሳላሚዎች መድረሻ የሆነውን ድሬ ሼክ ሁሴንን ያገኛል፤ በዚያም ቃሉ ሲዘመር፣ ጽሑፉም ሲገለበጥ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. በሮቤ ሥራውን የጀመረው፣ በጎባም የሕክምና ትምህርቱንና ሆስፒታሉን የያዘው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በዙሪያውም ያሉት የትምህርት ቤትና የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት ሊመዘኑ የሚገባቸው ከውጭ በሚያስገቡት ብቻ ሳይሆን፣ የዚህን ደጋና የዚህን ቆላ ቃልና ጽሕፈት ለሚፈልገው ሰው በሚያስገኙበት መጠን ጭምር ነው እላለሁ።

ነገሩን በማስረጃ እንየው። ድሬ በስሙ የሚጠራበት የወሊው የሼክ ሁሴን ተአምራትና ውዳሴ በዐረብኛ ተጽፎ፣ በእኛ ሥነ ጽሑፍ ገድል ከምንለው ድርሰት ጋር የሚዛመድ መጽሐፍ ሆኖ በ1927 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ታትሟል። ባላ በትር ይዘው በየዓመቱ ወደ ድሬ የሚወርዱት ተሳላሚዎች በኦሮምኛ የሚያዜሙት ባህሮም እንዲሁ፣ በሎንዶን ያስተምር የነበረው የአፍሪካ ልሳናት ሊቅ አንድርዜየቭስኪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መርምሮ ጽፎበታል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የያኔውን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ያናወጠው የገበሬዎች ዐመፅ በሰፊው ከተተነተነባቸው ሥራዎች አንዱ ገብሩ ታረቀ የትግራዩንና የጎጃሙን ዐመፅ ጨምሮ በእንግሊዝኛ የጻፈውና በ1991 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ የታተመው መጽሐፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የወለደው የቀይ ቀበሮና የዕፅዋት ጥናትም በአብዛኛው በውጭ መጽሔቶች ተበትኖ ይኖራል። ካይሮ፣ ሎንዶን፣ ካምብሪጅ፤ የባሌ ዕውቀት ያደረባቸው ከተሞች እነዚህ ሲሆኑ፣ የጎባ ልጅ ስለ አያቱ ዘመን ሊያነብ ሲነሣ ባሕር የሚያሻግረው ጥሪት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ኢንተርኔት ይህን ርቀት ሊያጠፋው ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን ዕቅዱ ከዚህ በኩል የተነሣ እንደሆነ ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆን ሥራ በአገራችን ከግማሽ ምእት ዓመት በፊት ተጀምሯል። በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና በሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ሊቃውንት ትብብር የተቋቋመው፣ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ አንሥቶ አቆይቶልናል፤ ፊልሙንም ከዕውር ክምችትነት ያዳነው የነጌታቸው ኃይሌ ትዕግሥተኛ የካታሎግ ሥራ ነው። ያለ ካታሎጉ ፊልሙ የተከመረ ሣጥን ነበረ። ነገር ግን የዚያ ዘመቻ ዐይን ያረፈው በግዕዙ ቅርስ ላይ ስለ ነበረ፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈው የኢትዮጵያ እስልምና ሥነ ጽሑፍ ተራውን ብዙ ዘመን ጠበቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከያዛቸው መጻሕፍት መካከል የዐረብኛዎቹ ዝርዝር በአሌሳንድሮ ጎሪ አዘጋጅነት ታትሞ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ባሌ ዛሬ የሚሻው ሁለቱን መንገዶች በአንድ ገበታ የሚያገናኝ ሥራ ነው።

እውነተኛው የዘመን ፈተና ያለውም በዚህ፣ ማለት በካታሎጉ ላይ ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የምቆምበት ነገር ይህ ነው። በሮቤ የተቀመጠ አንድ የታሪክ ተማሪ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ «ሼክ ሁሴን» ብሎ ይጽፋል፤ መዝጋቢው ግን «ሼህ ሑሴን» ብሎ አስፍሮት እንደ ሆነ ማሽኑ መጽሐፉ የለም ይለዋል፣ መጽሐፉም ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ የማሽን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መግባቱ መጻፍን አቀና እንጂ ማግኘትን አላቀናም፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ለአንባቢው ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። በባሌ ደግሞ ችግሩ ሦስት እጥፍ ነው። ኦሮምኛው ራሱ፣ አናሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን ባሳተመበት ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ በመንፈሳዊ ግጥሙና በመድረሳው በዐረብ ፊደል፣ ከ1984 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ደግሞ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለት ነው፣ ሲጻፍ ኖሯል፤ አንድ ቋንቋ በሦስት ፊደላት ሲኖር አንዱን ብቻ የሚያውቅ ካታሎግ ከልሳኑ ሁለት እጁን ይሸሽጋል። ለእያንዳንዱ የሰውና የቦታ ስም አንድ ዋና አጻጻፍ ተመርጦ የቀሩት አጻጻፎች ሁሉ ወደ እርሱ እንዲመሩ ካልተደረገ፣ በአርሲ ያለው ሮቤና በባሌ ያለው ሮቤ እንኳ በአንድ ስም ሥር ተቀላቅለው ይቀራሉ። የደራሲ ስምም እንዲሁ፤ ከውጭ የመጣው ፎርም የቤተሰብ ስም አስቀድም ሲል መዝጋቢው የአባትን ስም ያስቀድማል፣ ደራሲውም በአባቱ ስም ይጠፋል። በ1876 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የዲዩዊ ምደባ ሃይማኖትን ከመደበበት ከ200ዎቹ ለክርስትና ብዙውን ሰጥቶ ለሌሎች ሃይማኖቶች ሁሉ 290ዎቹን ብቻ ስለ ተወላቸው፣ የድሬ መጻሕፍት ገና መደርደሪያ ላይ ሳይወጡ ቦታ ይጠብባቸዋል።

ይህ የድሀ አገር ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር የኮሃን ታሪክ ያስታውስ። ዛሬ በብዙ አገሮች አብያተ መጻሕፍትን የሚያስተዳድረው ይህ ነጻ ሶፍትዌር የተወለደው በታላቅ ከተማ አይደለም፤ በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ወረዳ የገጠር አብያተ መጻሕፍት፣ ያረጀው ሥርዓታቸው የ2000ን ዓመት መለወጫ መሻገር ስለማይችል፣ ቅርንጫፎቻቸውም በዝግተኛ የስልክ መስመር የተገናኙ ስለ ነበሩ፣ ለራሳቸው ችግር አሠርተው በ2000 እ.ኤ.አ. ጥር መግቢያ ሥራ ላይ አውለው ለዓለም በነጻ ሰጡት። ዝግተኛ መስመር እኛም እናውቃለን፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ንባቡን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ያኖረ ቤተ መጻሕፍት ባዶ አዳራሽ እንደሚሆን ታይቷል። ስለዚህ ለደጋው ከተማ የሚስማማው ዋናው ክምችት በግቢው ሰርቨር ላይ የሚያድርበት፣ ኢንተርኔት ሲኖር የሚታደስበት፣ ሲጠፋም የማይዘጋበት ሥርዓት ነው። ተማሪው እስከዚያው በቴሌግራም የሚለዋወጠውን ፒዲኤፍ መውቀስ ይቀልላል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410ም ወቃሹን ያግዘዋል። ነገር ግን ያ ልውውጥ ቤተ መጻሕፍቱ ያላሟላውን ፍላጎት በግልጽ የሚናገር ምስክር ስለ ሆነ፣ ከወቀሳው በፊት ማዳመጡ ይሻላል።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይህን ሸክም ከባሌ ትከሻ ሊያወርዱለት አይችሉም፤ የማዕከል ቤተ መጻሕፍት የታተመውን ይሰበስባል እንጂ በየመድረሳው ያለውን ኪታብ፣ በየሽማግሌው አፍ ያለውን የመዳ ወላቡን የገዳ ትውፊት ቤት ለቤት ሄዶ አይመዘግብም። ይህን ማድረግ የሚችለው ቋንቋውንና ባለቤቶቹን የሚያውቀው የአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ከስካነር አስቀድሞ ሰው ይቀጠር፤ የዐረብኛውን እጅ ጽሕፈት የሚያነብ የመድረሳ ምሩቅ፣ ቁቤውን ያጠራ የኦሮምኛ መምህር፣ የግዕዙን ፊደል የለየ የቤተ ክህነት ተማሪ በአንድ ካታሎግ ላይ ተቀምጠው የስሞቹን አጻጻፍ ተነጋግረው ይወስኑ። ባህሮ በድምፅ ሲቀረጽም በአርእስቱ ሥር የዘማሪው ስም፣ ከፈቀደ፣ የተዘመረበትም ቦታና ቀን ይግባ፤ የሕዝብ ዜማ ነው ተብሎ ባለሙያው ሳይጠራ አይቅር። የድሬ ዐቃብያነ መጻሕፍትም ምስል ለማንሣት ሲጠየቁ፣ መጽሐፉ ከቦታው እንዳይነሣ፣ ከምስሉ አንድ ቅጂ በእጃቸው እንዲቀር፣ ለአደባባይ አይገባም ያሉት ገጽም እንዲዘጋ የሰጡት ቃል በውል ተጽፎ፣ የመጽሐፉ መግለጫ በሰፈረበት በዚያው የካታሎግ ገጽ ላይ ለአንባቢው ይታይ።