አረንጓዴ ያበራች ቱቦ ምን ትላለች?

በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራች ቱቦ ሲያዩ ጀማሪ ባለሙያዎች «ወባ አለበት» ለማለት ይቸኩላሉ። እኔ አስቀድሜ የማየው ደም ያልገባባትን ቱቦ፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮሏን ነው። እሷ ካበራች የዚያን ዙር ውጤት በሙሉ እጥለዋለሁ።

ቱቦዋ የምትበራበትን፣ ላምፕ የተባለውን የምርመራ ዘዴ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አስተዋወቁት። ፒሲአር እንደሚባለው ሌላ ዘዴ ሙቀት ሳያፈራርቅ ዲኤንኤን በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያባዛል። እኛ በምንጠቀምበት የወባ ኪት ውስጥ ካልሲን የሚባል ማቅለሚያ አለ፤ መጀመሪያ ማንጋኒዝ ስለሚይዘው አያበራም። ዲኤንኤ ሲባዛ የሚወጣው ፓይሮፎስፌት ማንጋኒዙን ይነጥቀዋል፤ ካልሲኑም ከማግኒዚየም ጋር ተጣምሮ ይፈካል። እንግዲህ ማቅለሚያው ዲኤንኤውን ራሱን አይነካም። ከጎረቤት ጣሪያ ጭስ ሲወጣ እሳት መንደዱን እናውቃለን፤ ማን እንዳነደደው ግን ጭሱ አይናገርም። የወባን ዲኤንኤ ከሌላው የሚለዩት ፕራይመር የሚባሉት አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ናቸው። ሳይበር ግሪን የተባለው ሌላ ማቅለሚያም ቢሆን ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ ካገኘ የማንም ይሁን ተጣብቆ ያበራል።

ይህ ዘዴ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። መብራት የማይፈልግ፣ ሙቀቱን ከኬሚካል የሚያገኝ የላምፕ ማሞቂያ በደምቢያዋ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተሞክሮ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በማላሪያ ጆርናል ታትሟል። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው።

የሙቀቱ ችግር ቢቃለልም የእጅ ጥንቃቄው አይቀርም። በቱቦው ክዳን ላይ የደረቀው የምርመራ ኬሚካል በደንብ እንዲሟሟ ቱቦው ተገልብጦ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ከተባዛ በኋላ ግን ክዳኑ በፍጹም አይከፈትም። ከተከፈተ ለቁጥር የሚያታክት የዲኤንኤ ቅጂ አየር ላይ ይበተናል፤ ፒፔትና ጓንት ላይ ያርፋል፤ በማግሥቱ ጤነኛውም ሰው ወባ ያለበት ይመስላል። ናሙና ማዘጋጃውንና ውጤት ማንበቢያውን ክፍል የምንለየውም ለዚሁ ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ ተሟልቶም ብርሃኑ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የሞተ ተሐዋሲ ዲኤንኤ ከሕክምና በኋላም ለጥቂት ጊዜ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከማይክሮስኮፕ ሊያመልጥ የሚችል ጥቂት ተሐዋሲ ስፈልግ ላምፕን እመርጣለሁ። መድኃኒት ጨርሶ ለክትትል ለመጣ ታካሚ ግን በጂምሳ ማቅለሚያ የተቀባውን የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ ተሐዋሲው መቀነስ አለመቀነሱን ቆጥሬ ለሐኪሙ የምነግረው ከዚያ ነው።