በ5 እና በ87 መካከል

ጥር ላይ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጋዜጣ የገለጠ ሰው አንድ ቁጥር ሳያይ አያልፍም፤ የማትሪክ ማለፊያ መቶኛ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከተፈተኑት 87.3 ከመቶ አለፉ ሲባል፣ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ውጤት ተብሎ ተጨበጨበለት። በዚያው ዓመት በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በጄፒ መንገድ (ስሙ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ ግን ጄፒ ማለታችንን አልተውንም) ሁለቱ ቁጥሮች ቡና ላይ ሲነሱ «እንኳን ልጆቻችንን እዚህ አስተማርን» የሚል አይጠፋም።

እኔ አልስማማም። እዚህ ዝቅተኛውን ማለፊያ ለማግኘት በአፍ መፍቻ ቋንቋና በሁለት ሌሎች ትምህርቶች 40፣ በሦስት ደግሞ 30 ከመቶ ይበቃል። ከ12ኛ ክፍል በፊት ያቋረጡትም በስሌቱ የሉም። እስቲ ወደ ታች እንውረድ። በ2021 ዓለም አቀፍ የንባብ ፈተና ከደቡብ አፍሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 81 ከመቶው ያነበቡትን አልተረዱም። የዓለም ባንክ ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት 90 ከመቶ ገደማ ናቸው ይላል። መለኪያዎቹ አንድ ባይሆኑም 81 እና 90 ጎረቤታሞች ናቸው። 87 እና 5 ግን ጨርሶ አይተዋወቁም። ታዲያ የወረቀቱ ቁጥር የሚነግረን ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ መንግሥቱ ፍላጎት?

የአዲስ አበባውን ይበልጥ አከብረዋለሁ። በ2016 ፈተና ተሰርቆ ተሰርዟል፤ በ2022 ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ሲጀመር ኩረጃው ተጋለጠ፤ ያለፉት 3.3 ከመቶ ሆኑ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ቁጥሩን ሳይሸፋፍኑ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ የወደቀው ማን ነው? ልጁ ውጤቱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በመስከረም እንደገና ተከፈተ።

እኛ የተማርን የምንባለውስ? 10ኛ ክፍል አቋርጦ ከሆሳዕና የመጣው ልጅ ሎኬሽን ገብቶ ብርድ ልብስ በዱቤ ይሸጣል፤ ዙሉኛውን እዚያው ለምዶ የደንበኞቹን ሒሳብ በቃሉ ይይዛል። በየምረቃ ድግሳችን ግን እሱን አልተማረም ብለን ከጥግ እናስቀምጠዋለን፤ ተመራቂውንም «ውጤትህ ስንት ነው?» እንላለን እንጂ ምን እንዳነበበ የጠየቀ እስካሁን አልገጠመኝም።